ይቅርታዬን አትመልሺብኝ

ሰኔ 9 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

ለቁጡዋ ልጄ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ያቺ ትንሽዬስ እንዴት ናት? ጥርሷ ወጣ? በላክሽልኝ ፎቶ ላይ ግንባሯን ቋጥራ ሳያት ማንን እንደምትመስል ለመጠየቅ ሰው አላስፈለገኝም። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደ ልማዱ ያማርራል፤ እኔም እንደ ልማዴ አልሰማውም።

ባለፈው በስልክ ያልሽኝን ሰምቻለሁ። ጆሮዬ ላይ ስለዘጋሽው ግን መልሴን አልሰማሽም። መልሼ ብደውል ታለቅሻለሽ። አንቺ ስታለቅሺ የምለው ይጠፋብኛል፣ ወይም ያልፈለግሁትን እሺ ብዬ እገኛለሁ። ስለዚህ መጻፍ ይሻለኛል።

በኋላ «እንደሱ አላልኩም» እንዳትዪኝ ቃልሽን እንዳለ ልድገመው። «ከኋላሽ የሳለው ማነው?» አልሽ። «እማዬ፣ ያቺን ሳል አውቃታለሁ» አልሽ። «አጎትሽ ነው» አልኩሽ። ከዚያ «እሱ በሚገባበት ቤት ልጄን ይዤ አልገባም። ወይ እሱ፣ ወይ እኔ። ምረጪ» ብለሽ ዘጋሽው።

አልመርጥም። መልሴ ይኸው ነው። የቀረው ማብራሪያ ስለሆነ ካልፈለግሽ እዚህ ላይ ማቆም ትችያለሽ። እንደማታቆሚ ግን አውቃለሁ፤ እልኸኛ ሰው የሌላውን እልህ መጨረሻ ሳያይ እንቅልፍ አይወስደውም።

የሆነውን አንቺ የምታውቂው እኔ ተናድጄ የነገርኩሽን ነው። ዛሬ ሳልናደድ ልንገርሽ። ይቀላል ብለሽ አትጠብቂ፤ ከሰማሽው ብሶ ታገኚዋለሽ።

ማተሚያ ቤቱ ውስጥ እኔና አጎትሽ ጥረዛ ክፍል ነበርን። ታናሼ ስለሆነ ሥራውን ለምኜ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ሙጫ መቀባትና ገጽ ማጠፍ ያስተማርኩትም እኔ ነኝ። ትልቁ የወረቀት መቁረጫ ሁለት ቁልፍ አለው፣ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ። ሁለቱም እኩል ካልተጫኑ ምላጩ አይወርድም። ሆን ተብሎ ነው እንደዚያ የተሠራው። ሁለት እጅሽ ቁልፎቹ ላይ ከሆነ ምላጩ ሥር ሊሆን አይችልም።

አንዱ ቁልፍ ብቻውን በድን ነው። በዚህ የተነሳ በዚያ ማሽን ላይ የሠራን ሁሉ አንድ መጥፎ ልማድ ነበረን፤ በአንድ እጃችን ወረቀቱን እያስተካከልን በሌላው ቁልፉን እንደገፈው ነበር፣ ልክ እንደ ጠረጴዛ ጠርዝ። ምን ይሆናል ብለን።

ያን ሰሞን የትምህርት ቤት መጻሕፍት ተደራርበውብናል። አጎትሽ ቶሎ ቶሎ ልቁረጥ ብሎ የቀኙን ቁልፍ እንደተጫነ በሽቦ አሰረው። በግራው ብቻ እያወረደ በቀኝ እጁ ወረቀት ይገፋል። ከዚያ ሲጋራ ሊያጨስ ወጣ። ሽቦውን አልፈታውም፣ ለእኔም አልነገረኝም። ገባሁ፣ በቀኝ እጄ ክምሩን አስተካከልኩ፣ በግራዬ እንደ ልማዴ ቁልፉን ተደገፍኩ።

ሦስት ጣት። ይህንን ትንሽ ሆነሽ ፀጉሬን ስታበጥሪ፣ የጫማዬን ክር ስታስሪ ያደግሽ ስለሆንሽ እኔ አልነግርሽም።

ያልነገርኩሽ ይሄን ነው። ጩኸቴን ሰምቶ ሮጦ ገባ። አየኝ። ከዚያ መጀመሪያ የሄደው ወደ ሽቦው ነው። ፈታው፣ ኪሱ ከተተው፣ ከዚያ ወደ እኔ መጣ። ሸሚዙን አውልቆ ጠቀለለልኝ፣ አለቀሰ፣ ተሸክሞኝ እስከ ሐኪም ቤት ሮጠ፤ ሁሉንም አደረገ። መጀመሪያ ግን ሽቦውን።

ሥራ አስኪያጁ ሲጠይቀው «እጅሽን አትክተቺ ብዬ ስንቴ ነግሬያታለሁ» አለ። ማሽኑን ፈተሹት፣ ደህና ነው። በራሷ ጥፋት ነው ተብሎ ተሰናበትኩ። ሁለቱም እጆቼ ቁልፎቹ ላይ ከነበሩ የተቆረጠው የማን እጅ ነው ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። አጎትሽ ቆይቶ የክፍሉ ኃላፊ ሆነ።

እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ስንቆም ታስታውሻለሽ። ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ሲጸልይ፣ የሰውን በደል ስለ መተው የሚለው ጋ ሲደርስ እኔ አፌን እዘጋ ነበር። አጎትሽ ከፊታችን ቆሞ ያቺኑ ቦታ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይላታል። እኔ ደግሞ እግዚአብሔር ፊት ከምዋሽ ዝም ልበል ብዬ ነው። አንድ እሁድ ዝቅ ብዬ ሳይሽ አንቺም እዚያው ቦታ ላይ ከንፈርሽን ገጥመሻል። ማንም አላዘዘሽም። ያን ቀን ደስ አለኝ፤ ወገን ያገኘሁ መሰለኝ።

ቄሱ ነገሩን ሰምተው ኖሮ ሁለታችንን ቢሯቸው ጠሩን። አንቺ ያኔ ትምህርት ቤት ነበርሽ።

«የአንድ እናት ልጆች ሆናችሁ እስከ መቼ ነው ጀርባ የምትሰጣጡት?» አሉ።

«እኔ ምንም ቂም የለኝም» አለ አጎትሽ።

«ለምን ይኖርሃል? ጣትህ ሙሉ» አልኩት።

ቄሱ አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ፤ ሳቅ ይሁን ሳል አላውቅም። ከዚያ «እንግዲህ ድንገተኛ አደጋ ነው እንበልና ተቃቅፋችሁ ውጡልኝ» አሉ።

«ድንገተኛ አደጋ ከሆነ ይቅርታው ለማን ነው አባ? ለምላጩ?»

«ልጄ፣ ነገር አታክርሪ።»

«እኔ አላከረርኩም። እሱ የሠራውን ይበል፣ እኔ አሁኑኑ አቅፈዋለሁ።»

አጎትሽ ጫማውን እያየ «ያልሠራሁትን አልልም» አለ። ተነስቼ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ዓመታት አለፉ። አንቺ አደግሽ፣ አገባሽ፣ ራቅሽ። እኔ በግራ እጄ መስፋት ተምሬ የፊተኛውን ክፍል መጠረዣ አደረግሁት።

አሁን «ደክመሽ ነው እማዬ፣ አርጅተሽ ነው ይቅር ያልሽው» ማለትሽ አይቀርምና ልመልስልሽ። አልደከምኩም። እንዲያውም ይቅር ለማለት እንደወሰንኩበት ቀን ተናድጄ አላውቅም።

ያን ቀን የመዘምራኑን የመዝሙር መጻሕፍት እየሰፋሁ ነበር። ሊወስዳቸው የመጣው መዘምር በሩ ላይ ቆሞ ቆይቷል፣ አላየሁትም። «እማማ፣ ከማን ጋር ነው የሚጣሉት?» አለኝ። ቀና ስል ቤቱ ውስጥ ሰው የለም። ለካ ድምፄን አውጥቼ ከአጎትሽ ጋር ስሟገት ነው የቆየሁት፤ እሱን ሥራ አስኪያጁ ፊት አቁሜ፣ እየጠየቅሁት፣ እያስለቀስኩት። እጄ ላይ ያለውን መጽሐፍ ሳየው አንዱን ጥራዝ ገልብጬ ሰፍቼዋለሁ። ግማሹ መዝሙር ተዘቅዝቋል። እንደዚያ ያለ ስህተት ጀማሪ እያለሁም ሠርቼ አላውቅም።

መዘምሩን ነገ ና ብዬ ሸኘሁትና ክሩን መፍታት ጀመርኩ። ስፈታ አሰብኩት። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ የሚመጣብኝ እሱ ነው። ማታም የሚያስተኛኝ እሱ ነው። ነፍሱን ይማረውና አባትሽ እንኳን ከእኔ ጋር ያን ያህል አልኖረም። ጣቶቼን ወሰደ፣ እሺ። የቀረውን እጄን፣ ጠዋቴን፣ ጸሎቴን ስጪው ያለኝ ማነው? ማንም። እኔ ነኝ በየቀኑ እያሸከምኩ የምልክለት።

«አልቀበልህም» አልኩ፣ አሁንም ድምፄን አውጥቼ። ለአጎትሽ ሳይሆን ለቂሙ ነው።

በማግስቱ ነጠላዬን ለብሼ ማተሚያ ቤቱ ሄድኩ። ዘበኛው አዲስ ስለሆነ አላወቀኝም። «ማንን ፈልገው ነው?» ሲለኝ «ወንድሜን» አልኩት፤ አስገባኝ። አጎትሽ መቁረጫው አጠገብ ቆሞ ሠራተኞቹን ያዝዛል። ሲያየኝ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ምን ፈልገሽ ነው እትዬ?»

«ይቅር ልልህ ነው የመጣሁት።»

«ለምኑ?»

«ለሽቦው። ኪስህ ለከተትከው። ከዚያም ለዋሸኸው።»

ሙጫ የሚቀቡት ሴቶች ብሩሻቸውን እንደያዙ ቀሩ። አንዱ ማሽኑን አጠፋው።

«ሰው ፊት ምን ነካሽ? ውጪ እንነጋገር።»

«የዋሸኸው ሰው ፊት ነው። ይቅር የምልህም ሰው ፊት ነው። ከዛሬ ጀምሮ ካንተ የምጠብቀው የለኝም። ብታምንም ባታምንም ትቼልሃለሁ።»

«እኔ ያደረግሁት ነገር የለም።»

«እንግዲያው ይቅርታው ትርፍ ነው። ያዘው።»

ወጣሁ። እስከ በሩ ድረስ ቀጥ ብዬ ሄጄ፣ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ስደርስ አግዳሚው ላይ ዘፍ ብዬ ተቀመጥኩ። አጠገቤ የነበረች ሴትዮ «አመመሽ?» አለችኝ። «አይ፣ ዕቃ አውርጄ ነው» አልኳት። ባዶ እጄን አየችና ራቅ ብላ ተቀመጠች።

ከዚያ ጉዱን ባየሽ። ሚስቱ ማታውን መጥታ «ባሌን በሠራተኞቹ ፊት አዋረድሽው፤ ይሄ ነው ይቅርታ?» ብላ በሬን ደበደበችው። ዘመድ ሁሉ ተቀየመኝ። እሱ ሲዋሽብኝ በኖረበት ጊዜ ሳይሆን እኔ ይቅር ባልኩት ጊዜ ነው የተቀየሙኝ። ይቅርታ ለስላሳ ነገር ነው፣ ዝም ብሎ ነው፣ ጓዳ ውስጥ ነው አሉኝ። ማን እንዳላቸው አላውቅም። የእኔ ጌታ ይቅር ሲል ሚስማሩ እጁ ላይ ነበር። ሚስማር የለም አላለም።

ከዚያን ቀን ወዲህ መልአክ ሆንኩ ብዬ አልዋሽሽም። በነጋታው ንዴቱ እንደ ልማዱ ከአልጋዬ ጫፍ ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ። «ካንተ ጋር ጨርሻለሁ» አልኩትና ተነስቼ ፊቴን ታጠብኩ። ሌላም ቀን መጣ፣ እንደገና አባረርኩት። አሁንም ይመጣል፤ ግን ወንበር አልሰጠውም። ቤተ ክርስቲያንም ያቺን ቦታ ከሕዝቡ ጋር እላታለሁ። አንዳንድ እሁድ ጥርሴን ነክሼ ነው የምላት። ተነክሶም ቢሆን ይቆጠርልኛል ብዬ አምናለሁ።

አጎትሽ ብዙ ጊዜ ጠፋ። ከሥራ በጡረታ ከወጣ በኋላ አንድ ቅዳሜ በሬ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ኮፍያውን በእጁ ይዟል።

«የሚሠራ ነገር አለ?» አለኝ።

«የሚሰፋ አለ» አልኩት።

ገብቶ ተቀመጠ። እስከ ምሳ ሰዓት ስንሰፋ ቆየን። ሲሄድ የሰፋውን አገላብጬ አየሁት። «ጫፉ ላልቷል» አልኩት። «አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ» አለ። ያን ጊዜ ሳቅሁ፤ ልደብቅሽ አልችልም። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ አይቀርም። አንቺ ሳሉን የሰማሽውም ቅዳሜ ስለደወልሽ ነው።

በቅርቡ በእጅ የሚሳብ ትንሽ መቁረጫ አግኝተን ጥግ ላይ አስቀመጥነው። አጎትሽ እኔ አጠገቡ እያለሁ አይቆርጥም። «ውጪ» ይለኛል።

«የገዛ ቤቴ ነው እኮ።»

«ውጪ እትዬ። ካልሆነ በሩ ላይ ቁሚና እጅሽን አሳዪኝ።»

በሩ ላይ ቆሜ እንደ ምርኮኛ ሁለቱንም አነሳለታለሁ፣ ሙሉውንም ጎዶሎውንም። አንዴ ያያል፣ ወረቀቱን ያስተካክላል፣ እንደገና ቀና ብሎ ያያል፣ ከዚያ እጀታውን ይስባል። በየቁርጡ እንደዚህ ነው። የአንድ ሰዓት ሥራ ግማሽ ቀን ይፈጃል። አልተናገርኩትም።

አምኗል ወይ ትዪኛለሽ። አላመነም ነበር። እኔም አልጠየቅሁትም፤ ስሰጠው ደረሰኝ አልፈለግሁም።

አንቺ ስልኩን የዘጋሽው ቀን ግን እዚያው ነበር። ያልሽውን ሁሉ ሰምቷል፤ ድምፅሽ ከጎረቤትም ይሰማል። መርፌውን የሚሰፋው መጽሐፍ ላይ ሰክቶ ኮቱን አነሳ።

«የት ልትሄድ ነው?» አልኩት።

«ልጅቷ ትምጣ። እኔ እቀራለሁ።»

«ቁጭ በል።»

«የልጅ ልጅሽን ሳታዪ ልትቀሪ ነው? በእኔ ምክንያት?»

«እዚህ ቤት የሚመጣውንና የሚቀረውን የምወስነው እኔ ነኝ። ቁጭ ብለህ የያዝከውን ጨርስ።»

አልተቀመጠም። ኮቱን አንድ እጅጌ አጥልቆ፣ ሌላው ተንጠልጥሎ፣ ግድግዳውን እያየ «አትቆጪያት» አለ። «ልክ ናት። ምን ብላ ትመጣለች? ሽቦውን ያሰርኩት እኔ ነኝ እኮ።»

እንደዚህ ነው ያለው። ከሃያ ምናምን ዓመት በኋላ፣ አንቺን ሊከላከልልሽ ብሎ። የተናገረውን ራሱም የሰማው ቆይቶ ነው መሰለኝ፤ ዞር ብሎ አየኝ።

«አውቃለሁ» አልኩት። «ክሩን አቀብለኝ።»

ጠረጴዛው ላይ ፈለገ፣ ወንበሩ ሥር ፈለገ። ክሩ እጁ ውስጥ ነበር። እኔም አልነገርኩትም፤ ዓይኔ ውስጥ የገባ ነገር ስለነበር ሳወጣ ቆየሁ።

ይህን የጻፍኩልሽ አንጀትሽ እንዲራራ አይደለም። አንቺ ላይ ያደረገው የአንቺ ነው። ጓደኞችሽ ሲጫወቱ ተንበርክከሽ የእናትሽን ጫማ ያሰርሽባቸው ጠዋቶች የአንቺ ናቸው። እነሱን እኔ ልተውለት አልችልም፣ መብቱም የለኝ። ልትተዪለት ብትፈልጊ እንዴት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁና አላቻኩልሽም። ባትፈልጊ ከእግዚአብሔር ጋር ተነጋገሪበት፤ እሱ ከእኔ የበለጠ ትዕግሥት አለው። የጣቶቼ ጉዳይ ግን የእኔ ነው። ሰጥቻለሁ። በእኔ ስም ሄደሽ ከእጁ አትቀሚው። ይቅርታዬን አትመልሺብኝ። በሕይወቴ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ማንም ሳያግዘኝ የሠራሁት ሥራ እሱ ነው።

ስለዚህ ቅዳሜ ይመጣል። አንቺ ቅዳሜ ብትደርሺም ይመጣል። ልታናግሪው አይገባሽም። ልትጮሂበት ከፈለግሽ ጩሂበት፤ ይችላል፣ እኔ አስለምጄዋለሁ። «ይውጣልኝ» ካልሽ ግን አላስወጣውም። «እንግዲያው እኔ ልውጣ» ካልሽም በሩን ይዤ አላለቅስም። እስከ መንገዱ ድረስ ሻንጣሽን በግራ እጄ ይዤ እሸኝሻለሁ፣ ተመልሼም ሥራዬን እቀጥላለሁ። ይህን አድርጌ እንደማሳይሽ ታውቂያለሽ። እንዳታስደርጊኝ ብቻ።

እግዚአብሔር አንቺንም ትንሿንም ከክፉ ይሰውራችሁ። እንቅልፍሽን ይባርክልሽ፣ ጡትሽን ይሙላልሽ፣ የባልሽን ጉልበት ይጠብቅልሽ። ቁጣሽንም ይባርከው፤ ከእኔ የወሰድሽው ስለሆነ ጥሩ ጨርቅ ነው፣ አቆራረጡን ብቻ ማወቅ ነው።

አንሶላዎቹን አጥቤ አልጋሽን አንጥፌዋለሁ። ለአንቺ ብዬ አይደለም፣ መታጠቢያቸው ስለደረሰ ነው። የሕፃን አልጋም ከጎረቤት ተውሻለሁ፤ እነሱ ቤት ቦታ ስላጣበበባቸው ነው። አንድ እግሩ ይወዛወዝ ነበር፣ አሁን አይወዛወዝም። ማን እንዳጠበቀው አልጽፍልሽም፤ ልጄን አላስተኛበትም እንዳትዪኝ።

እናትሽ